የመሐል ጠባቂው አንገት

ቨርና ሁዳክ በዕድሜዋ አንድም የፉትቦል ጨዋታ፣ ያንን ኳስ በእጅ ይዘው እየተጣጣሉ የሚጫወቱትን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጣ አይታ አታውቅም ቢባል፣ በማሆኒንግ ሸለቆ የሚያውቃት ሰው ሁሉ በሳቅ ይሞት ነበር። እንዴት ተደርጎ! የምትሠራው ስለ ኳስ ሳይወራ በማይዋልበት በስሎቫኮች ማኅበር አዳራሽ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ስታን፣ የብረት ፋብሪካው ሳይዘጋ ከሥራ ሲመለስ ገና ቦት ጫማውን ሳያወልቅ የሚያነሣው የዓርቡን ጨዋታ ነበር። አንድያ ልጇ ግሌን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ እንደ ኮርማ ተንደርድሮ የሚመጣን ሰው አግኝቶ መሬት ላይ የሚዘርር፣ ስሙ በጋዜጣ የሚወጣ የኋላ ተከላካይ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ነገሩ እውነት ነው። ግሌን ገና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲጫወት፣ ዓርብ ዓርብ የመንደሩ ሕዝብ ወደ ሜዳ ሲጎርፍ፣ ቨርና መኪናዋን ከአጥሩ ውጭ ታቆምና ማሞቂያውን ከፍታ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ትቀመጥ ነበር። የሕዝቡ ጩኸት ሲነሣ መሪውን ጭብጥ ታደርጋለች። ጩኸቱ ግን አያስፈራትም፤ ጩኸት ማለት ሰው ሁሉ ደኅና ነው ማለት ነው። የምትፈራው ጩኸቱ ድንገት ተቆርጦ ሜዳው ጭር ሲል ነው።

ያን ጭርታ አንድ ጊዜ ሰምታዋለች። ገና ጠጉሯን በሪባን የምታስር ልጅ ሳለች፣ በአንድ የጥቅምት ዓርብ፣ ታላቅ ወንድሟ ኤሚል አንገቱን ደፍቶ ሰው ሊጥል ገባና ሳይነሣ ቀረ። ሦስት ሺህ ሰው የነበረበት ሜዳ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ አለ። ኤሚል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንገቱ በታች ገላውን ማዘዝ አልቻለም። አባታቸው ከምድጃው አጠገብ አልጋ ዘረጋለት። ቨርና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሾርባውን በማንኪያ ታጎርሰዋለች፤ ጢሙን ትላጨዋለች፤ አፍንጫው ላይ ዝንብ ሲያርፍ እፍ ትልለታለች። ሌላው ልጅ ውጭ ሲጫወት እሷ ቤት ትውላለች።

ኤሚል ግን የሚያማርር ሰው አልነበረም። በበጋ ቤዝቦል፣ ያ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ፣ በሬዲዮ ሲተላለፍ ዓይኑ ቦግ ይል ነበር። ከመጎዳቱ በፊት በበጋው ወራት መሐል ጠባቂ፣ ማለትም ከመቺው ርቀው ኳስ ከሚቀበሉት ከሦስቱ መሐለኛው፣ ሆኖ ይጫወት ስለነበር፣ ያንን የሣር ሜዳ አልረሳውም።

«ቨርኒ፣ ባቄላውን አምጪው!» ይላታል።

እሷም ሦስት የባቄላ ፍሬ በብርድ ልብሱ ላይ ትደረድራለች፤ የግራ ጠባቂ፣ የመሐል ጠባቂ፣ የቀኝ ጠባቂ።

«መቺው ግራኝ ነው፤ ሁሉንም ወደ ቀኝ ሳቢያቸው። አይ፣ በዛ! እንዲያ ነው። አሁን ነፋስ መጥቷል፤ የመሐሉን አንድ ጣት ወደ ኋላ።»

ኤሚል ቨርና ከማግባቷ በፊት አረፈ። ቤዝቦል ግን በልቧ ውስጥ ሰው በሰው ላይ የማይወድቅበት፣ ደግ ጨዋታ ሆኖ ቀረ። ስለዚህም ግሌን በልጅነቱ መሐል ጠባቂ ሆኖ ሲጫወት ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የሱፍ አበባ ፍሬ እየቆረጠመች ትመለከተው ነበር። ኳስ በራሱ ላይ አልፋ ስትሄድ ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጥና፣ በመጨረሻ ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ እንደ ወፍ ጫጩት ሲቀበላት፣ ቨርና ከደስታዋ የተነሣ ያላመጠችውን ትውጥ ነበር። ወደ ፉትቦል የመራው ስታን ነው። «ልጅን በፍርሃት አታሳድጊው» አላት። እሷም ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ ዝም አለች።

እንግዲህ ይህ ታሪክ የሆነው ስታን በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር ነው። በሸለቆው ሚያዝያ እንደ ሌላው ወር አይደለም። ቤዝቦል ይጀመራል፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ትልልቆቹ የፉትቦል ክለቦች በየተራ ከዩኒቨርሲቲ ልጆች የሚፈልጉትን ይመርጣሉ። ስለዚህ በማኅበሩ አዳራሽ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ባለው ክብ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለቱ ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ ይፈላሉ።

የጠረጴዛው ባለቤቶች ሦስት ናቸው። ዞሊ ባርታ የቀድሞ የፋብሪካ ክሬን ነጂ ነው፤ ክሊቭላንድን ይደግፋል፤ በወጣትነቱ ከኤሚል ጋር በአንድ ቡድን ተጫውቷል፤ በዚያ ዓርብ ኤሚልን በቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ሚኩላ ጡረታ የወጣ አውቶቡስ ነጂ ሲሆን ፒትስበርግን ይደግፋል። ሸለቆው በሁለቱ ከተሞች መካከል ስለሆነ በአንድ አልጋ የሚተኙ ባልና ሚስት እንኳ የሚለያዩበት ጊዜ አለ። ሦስተኛው ካርማይን ነው። ጣሊያናዊ ሆኖ የስሎቫክ ማኅበር ውስጥ ምን ይሠራል ቢሉት፣ በአንድ የጾም ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ ሊበላ ገብቶ በዚያው ቀረ።

«እኔ የምልህ» አለ ዞሊ ጠረጴዛውን በጣቱ እየወጋ፣ «መሐል ጠባቂ ማለት ቀረብ ብሎ የሚቆም ነው። ከፊቱ ጠብ ጠብ የሚሉትን ኳሶች ማን ይልቀምለት? አያትህ?»

«አያቴን ተዋት። ከናንተ ክለብ መሐል ጠባቂ እሷ ትሻላለች» አለ ሚኩላ። «ቀረብ ብሎ ይቆምልህና ኳሷ በአናቱ ላይ አልፋ አጥሩን ስትመታ፣ መቺው ሮጦ ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ደርሶ ሱሪውን እያራገፈ ይስቅብሃል። ወደ ኋላ ነው መቆም! ከፊት የወደቀችው ትውደቅ፤ መቺው የሚያገኝባት አንድ ጣቢያ ብቻ ነው።»

«ጎበዝ ከሆነ ወደ ኋላ ሮጦ ይደርስባታል።»

«ማን? የናንተው? እሱ የኔን አውቶቡስ እንኳ ሮጦ አይደርስባትም!»

«አውቶቡስህን ማን ደርሶባት ያውቃል?» አለ ካርማይን አፉን እየጠረገ። «ሰው እጁን እያውለበለበ ጥለህ ስታልፍ አይደል የኖርከው!»

ቨርና በመስኮቱ በኩል ሦስት ሳህን ገፋች። «ዓሣው ቀዝቅዟል፤ እናንተ አልቀዘቀዛችሁም» አለቻቸው።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ደንብ አለ። በአፍ ያልተቋጨ ክርክር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ይቋጫል፤ የተሸነፈ የወጥ ቤቱን የዘይት መጥበሻ ያጥባል። ዘንድሮ ግን መሐል ጠባቂ ሆኖ የሚሮጥ ጉልበት ያለው ሰው ከየት ይምጣ? ሦስቱም ጉልበታቸው ሲታጠፍ ይንቋቋል።

«ግሌን መጥቶ የለም እንዴ!» አለ ዞሊ። «በልጅነቱ እንደሱ ያለ መሐል ጠባቂ አይቼ አላውቅም። ቀረብ ብሎ ይቁም፤ ካርማይን በአናቱ ላይ ይምታለት፤ ከሦስት ሦስቱን ካልያዘ እኔ መጥበሻውን በምላሴ አጥባለሁ!»

ለክለቦቹ ምርጫ ከሳምንት ብዙ ያልበለጠ ጊዜ የቀረውን ልጅ፣ ለመጥበሻ ክርክር ሜዳ ማውጣት እነሱ ብቻ የሚሠሩት ስሕተት ነው። ማንም ግን ክፉ አላሰበም። ቨርናም ደስ አላት። ቤዝቦል ነዋ! ለብዙ ዓመት ልጇ ሲጫወት በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር።

እሑድ ሰማዩ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ግራጫ ሆኖ ዋለ። ግሌን የቆዳ ጓንቱን በግራ እጁ አጥልቆ ወጣ። ካርማይን የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ፤ ዱላውን አነሣ። የመጀመሪያዋ ኳስ ወደ ጎን አዘነበለች፤ ግሌን በጎን ሮጦ ወገቡ ላይ ያዛት። ዞሊ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ።

ሁለተኛዋ ቀጥ ብላ በአናቱ ላይ ሄደች። ግሌን ዞረ፤ ጀርባውን ሰጠ፤ ሮጠ። ቨርና ከእንጨት አግዳሚው ላይ ብድግ አለች። ያ የድሮ ሩጫው ነው፤ ያ ቀጭን ልጅ ሰፍቶ ከብዶ ተመልሶ የመጣ መሰላት። ከዚያም ግሌን ኳሷን ሊያይ ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አደረገ።

ሁለቱም ክንዶቹ ወደቁ።

እንደ ርጥብ ልብስ ጎንና ጎኑ ተንጠለጠሉ። ኳሷ ከጎኑ ጧ ብላ ሣር ላይ ወደቀች። ግሌን ሁለት እርምጃ ተንገዳግዶ ቆመ፤ ሣሩን እያየ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ኳሷን አነሣት፤ ከጣቶቹ መካከል ሾለከች። ደግሞ አነሣት፤ ደግሞ ወደቀች።

«እጅህን ኮሌጅ ረስተኸው መጣህ እንዴ!» ብሎ ጮኸ ሚኩላ። «ዞሊ፣ ሳሙና ግዛ!»

«ፀሐይዋ ናት፣ አጎቴ ሚኩላ!» አለ ግሌን እየሳቀ። «ዓይኔን መታችኝ!»

ሽማግሌዎቹ ተሳሳቁ። ዞሊ ብቻ ሣቁን ጀምሮ ተወው፤ ወደ ሰማዩ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየና የወረወረውን ባርኔጣ ሊያነሣ ሄደ። ቨርና አግዳሚው ላይ መልሳ ተቀመጠች። ሦስተኛዋን ኳስ ግሌን አልቀበልም አለ፤ ጉልበቴን ደከመኝ ብሎ ተወ።

ቤት ሲደርሱ በሩን ዘግታ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ጠየቀችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ግሌን።»

ግሌን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጣቶቹን ያፍታታ ጀመር። «ከጥቅምት» አለ በመጨረሻ። «አንዱን ልጥል ስገባ አንገቴ ወደ ኋላ ተመታ። እሳት የመሰለ ነገር እስከ ጣቴ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሽቅብ ካላየሁ ምንም አይለኝም፣ እማዬ። ደቂቃ አይቆይም፤ ይመለሳል።»

«የክለቦቹ ሐኪሞችስ? በየካቲት ሲመረምሯችሁ?»

«ክብደት አንሣ አሉኝ፤ አነሣሁ። ሩጥ አሉኝ፤ ሮጥኩ። ሽቅብ እይ ያለኝ የለም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።»

«ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«አንሄድም!» ብሎ ተነሣ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማዬ፣ በዚህ ሸለቆ ለሰው ምን ሥራ ቀረ? አባዬ የሠራበት ቦታ ላይ ሣር በቅሏል። አንድ ጊዜ ይምረጡኝ ብቻ። ከዚያ በሐኪም እታያለሁ፤ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። በአባዬ አጥንት!»

ቨርና አልማለችም፤ አልከለከለችውምም። ውሃ ጣደች፤ ጥዳ ረሳችው፤ ማሰሮው ተቃጠለ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት እንዴት እንዳለፉ ለመናገር ያስቸግራል። ግሌን ደረጃ ሲወርድ ከሥር ቆማ ትጠብቀዋለች። ጋዜጣ የሚጥለው ልጅ በሩን ሲመታው ትደነግጣለች። ግሌን ከላይኛው ቁም ሣጥን ላይ ሳህን ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ ቀድማ ዘልላ «ተው፣ እኔ አወርዳለሁ!» ትላለች፤ እሷ በቁመት ትከሻው ላይ የምትደርስ ሴት! የሐኪም ቤቱን ስልክ ደውላ፣ «አቤት?» ሲሉ ዘጋችው። በሐሳቧ የሚመላለሰው አንድ ነገር ነው። በሚመጣው መስከረም አንድ የማታውቀው ጎረምሳ ከሩቅ ተንደርድሮ ይመጣል፤ የግሌን አንገት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከዚያም ሜዳው ጭር ይላል። ያንን ጭርታ በእንቅልፏም ትሰማዋለች። ብትናገር የልጇን እንጀራ ትቆርጣለች፤ ዝም ብትል ደግሞ... ሐሳቧን እዚያ ላይ ታቆመዋለች፤ ከዚያ ወዲያ መሄድ አትደፍርም።

ረቡዕ የውሸቱ ምርጫ ሆነ።

የውሸት ምርጫ ማለት የሽማግሌዎቹ ዓመታዊ ጨዋታ ነው። እውነተኛው ሳይደርስ እነሱ ክለቦቹን ተከፋፍለው፣ እንደ ባለቤት ኮራ ብለው፣ በየተራ እየተነሡ የሚመርጡትን ልጅ ስም ይጠራሉ። የምግቡ ዝርዝር የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ካርማይን በጠመኔ ይጽፋል። እንቁላል ሲቀቀል ጊዜ የሚለካበት የብርጭቆ አሸዋ ፈስሶ እስኪያልቅ ያልመረጠ ተራው ያልፈዋል። የሀገሩን ልጅ ስለወደደ ብቻ ከሚገባው ተራ አስቀድሞ የጠራ ደግሞ «የሆድ ምርጫ!» ተብሎ የወረቀት መሐረብ ይዘንብበታል። መጨረሻ ላይ አንዲት ተራ ለወጥ ቤቷ ትሰጣለች፤ ለሳቅ ያህል ናት። ባለፈው ዓመት ቨርና «አባ ቪንሰንትን መርጫለሁ፤ በዚያ ሆድ አንድ መስመር ሙሉ ይዘጋል» ብላ አዳራሹን በሳቅ አፍርሳዋለች።

ዘንድሮ አዳራሹ ጢም ብሏል። ግሌን ራሱ እንደ ሙሽራ መሐል ተቀምጧል። ሰው እያለፈ ትከሻውን ቸብ በሚያደርገው ቁጥር፣ በወጥ ቤቱ መስኮት የምታየው ቨርና ትንፋሿ ይቆረጣል።

የመጀመሪያው ዙር በጭቅጭቅ አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። ዞሊ ለክሊቭላንድ አንድ ቁመተ ረጅም ኳስ ተቀባይ መረጠ።

«ያ ልጅ እኮ ሳሙና እንደቀባ ሰው ነው፤ ኳስ አይዝም!» አለ ሚኩላ።

«እንደናንተው ተቀባይ ነዋ!»

«ዝም በል፣ ተራዬ ነው።» ሚኩላ ተነሣ፤ ክራቫት ባይኖረውም ክራቫቱን እንደሚያስተካክል ደረቱን ዳሰሰ። ወደ ግሌን ዞሮ ጠቀሰው። ሰው ሁሉ ገባው፤ ከወዲሁ የወረቀት መሐረብ ይጨማደድ ጀመር። «የፒትስበርግ ክለብ በዚህ ዙር...»

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ቨርና ሽርጧን እንደታጠቀች፣ እጇ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ ወጣች።

«ተራዬን አሁን እፈልጋለሁ» አለች።

«ቨርና፣ ያንቺ መጨረሻ ላይ እኮ ነው» አለ ካርማይን። «ደንብ ደንብ ነው።»

«ዘንድሮ አሁን ነው።»

«እሺ ይሁንላት፤ ዓሣችንን እንዳታሳርር!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። «ለየትኛው ክለብ ነው?»

«ለየትኛውም አይደለም። ግሌን ሁዳክን እኔ መርጬዋለሁ። ሌላ ሰው አይወስደውም።»

አዳራሹ ፈነዳ። «የሆድ ምርጫ! የሆድ ምርጫ!» የወረቀት መሐረብ እንደ በረዶ ዘነበባት። አንዱ ጠጉሯ ላይ፣ አንዱ ትከሻዋ ላይ አረፈ። አላራገፈቻቸውም። የሽርጧን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ መቆሟን በቅርብ ያሉት አዩ፤ ሳቃቸውን አቆሙ። ከእነሱ ኋላ ያሉትም አቆሙ። ግሌን ፊቱ ደም መስሎ ብድግ አለ።

«እማዬ፣ ተይ!»

ቨርና እሱን አላየችውም። ብታየው ድምፅ አይኖራትም ነበር። «ዞሊ» አለች። «እሑድ ዕለት ፀሐይ ነበረች ወይ?»

ዞሊ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አልነበረችም» አለ።

«ሽቅብ ሲያይ ክንዶቹ ይሞታሉ። ከጥቅምት ጀምሮ። አይታችሁ ሳቃችሁ፤ እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ነገ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።»

«ውሸት ነው!» አለ ግሌን። «አጎቴ ዞሊ፣ እሷን ያውቋት የለ? የዝናብ ደመና ስታይ ቤት ይፈርሳል የምትል ሰው ናት! ደኅና ነኝ!»

ዞሊ ወንበሩን ገፍቶ ቀስ ብሎ መጣና ግሌን ፊት ቆመ። ያ ትልቅ ክሬን ነጂ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጥሩ ነው ልጄ» አለው። «እንግዲያስ ቀና በል። ጣራውን እይልኝ።»

ወጥ ቤት ውስጥ ዘይቱ ሲንጨረጨር ይሰማል። ግሌን አገጩን ወደ ደረቱ እንደያዘ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጣራው እዚያው ከራሱ በላይ ነው፤ ቀና ማለት ብቻ ነው። አላለም። ፈራ። ቨርና የልጇን ፍርሃት ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፤ ከእሷ ፍርሃት የሚበልጥ ነበር፤ እስከዚያች ደቂቃ ለብቻው ተሸክሞት ኖሯል።

ዞሊ እጁን ወደ ልጁ ትከሻ ዘረጋ፤ ነገር ግን ሳይነካው መልሶ ሰበሰበው። «አሁኑኑ ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ» አለ። «ማንም እንዳይነካው!» ብሎ ወደ ሰዉ ዞሮ ጮኸ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ።

በማግሥቱ ሐኪሙ የግሌንን አንገት የራጅ ፎቶ መብራት ላይ ሰቀለው። ወጣት ሐኪም ነበር፤ መጀመሪያ ማስቲካ ማኘኩን አቆመ፤ ቀጥሎ ነርሷን ጠርቶ የአንገት መደገፊያ አስመጣ፤ መናገር የጀመረው ያንን ለግሌን ካሰረለት በኋላ ነው። ሕብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበት ቦታ ከተፈጥሮው ጠባብ ነው፤ አንዱ አጥንት ደግሞ ከመስመሩ ወጥቶ ተጭኖታል። ሜዳ ላይ ከሰው ጋር መጋጨት አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ቢያዳልጠው ይበቃ ነበር አለ። ቨርና ልጇ ደረጃ ሲወርድ ከሥር ቆማ የጠበቀችባቸውን ጠዋቶች አስባ ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

ለክለቦቹ ስልክ የደወለው ግሌን ራሱ ነው። ከቤታቸው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ካለው ስልክ፣ መደገፊያው አገጩን ደግፎት፣ ለእያንዳንዱ ያንኑ አጭር ነገር ተናገረ። ሲጨርስ መነጋገሪያውን ሰቀለ። ከእናቱ ጋርም መነጋገር አቆመ።

ቀዶ ጥገናው በግንቦት ሆነ። በጋው ሁሉ ግሌን ቤት ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ያወራል፤ መሐል ጠባቂ ቀረብ ብሎ ይቁም ወይስ ወደ ኋላ እያሉ ሲጨቃጨቁ ይፈርድላቸዋል፤ «ሁለታችሁም ቆማችሁ አታውቁም፤ ተቀምጣችሁ ነው የምትከላከሉት» ሲላቸው ይስቃሉ። እናቱ ስትገባ ግን ዝም ይላል። ቨርና ሳህኑን ታስቀምጥና ትወጣለች። ሐኪሙ አንገቱ እየጠና ነው ቢላትም፣ ፍርሃቷ ቤት የለቀቀ እንግዳ አልሆነም፤ ሌላ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ እንጂ። ልጄን አተረፍኩት ወይስ ዕድሜውን ቀማሁት እያለች፣ በየሳህኑ ማጠቢያ ላይ ከራሷ ጋር ትሟገት ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ፣ የክለቦቹ ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግሌን ወጥ ቤት ገባ። መደገፊያውን ከፈቱለት ሳምንት ሆኖት ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። ከአራት ወር ወዲህ ለእሷ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ነው።

«ጠይቀኝ።»

«ያን ቀን በሰው ፊት ያዋረድሽኝ፣ ለኔ ፈርተሽ ነው ወይስ ለኤሚል?»

ቨርና እጇን ከውሃው አወጣች። ልታባብለው ፈልጋ ነበር፤ ግን ለአንድ ጊዜ እውነቱን ልንገረው አለች። «ለሁለታችሁም» አለች። «ሁለታችሁን ለይቼ ማየት አልችልም፣ ግሌን። ሞክሬ አልሆነልኝም።»

«እኔ ኤሚል አይደለሁም!» ብሎ ጮኸባት። «ሰማሽ? ሙሉ ዕድሜዬን በሞተ ሰው ዓይን ስታዪኝ ኖርሽ! አይደለሁም!»

ከዚያም በሩን በኃይል ወርውሮ ዘጋው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ መደርደሪያው ላይ ያለ ኩባያ ወድቆ ተሰበረ። ግሌን በቁጣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ፤ ከላይ አንድ ነገር በርግጫ መታ፤ ወዲያ ሄደ፤ ወዲህ ተመለሰ፤ ወለሉ በእግሩ ሥር ሲንቋቋ ይሰማል።

ቨርና የኩባያውን ስብርባሪ ሳታነሣ፣ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ፊቷን ወደ ጣራው ቀና አድርጋ እየሰማች ቆመች። እንባዋ በጉንጯ ላይ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። ልጇ ተቆጥቷታል፤ ምናልባትም ለብዙ ዘመን ይቆጣታል። ቁጣው ግን በገዛ እግሩ ይሄዳል፤ በገዛ እጁም በር ይዘጋል። የእግሩ ኮቴ እስኪቆም ድረስ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ኮቴውም ቶሎ አልቆመም።